ፊቱን ያዞረው ጦር

የአክስቴን ባል ሰፈሩ በሙሉ «ማርሻል» ይለዋል። ሥራው ግን መነጽር መሥራት ነው፤ ጎረቤታችን የአውቶቡስ ሹፌር ሳይቀር እሱ በሞረደው መስታወት ነው መንገድ የሚያየው። ይህን ስም ያወጣለት ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር የሚጫወተው «የናፖሊዮን ዘመቻ» የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ወንዝና ድልድይ ያለበት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ ጦሩ ትንንሽ የእንጨት ጡብ ነው። የጦር ክፍሉ ስም የተለጠፈበት ፊት ወደ ባለቤቱ ይዞራል፤ ተጋጣሚው የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነው። በዘጠኝ ዓመት ሁለቴ ብቻ አሸንፌዋለሁ። ተንኮለኛ ነው፣ ምን አለፋችሁ!

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፤ ያረጀ ወረቀት ሳይ እጄን ይበላኛል። ባለፈው ሳምንት ጡቦቹን ቤቴ ወስጄ አሮጌውን ወረቀት ገሽልጬ በአዲስ ለጠፍኩ፤ ጀርባቸውንም በዚያው ወረቀት አለበስኩ። ይመርቀኛል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ጦሩን ሲደረድር ግማሹን ፊቱን ወደ እኔ አዞረው። «ዛሬ ደግሞ ምን ወጥመድ ነው?» አልኩ በሆዴ። የክብር ዘበኛው ድልድዩ ላይ ስሙን እያሳየኝ ቆሟል። ሁለት ዙር ፈራሁ፤ በሦስተኛው ገባሁበት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጦሩን ዕርቃኑን አዘመትከው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ።

«የቱን ወሰድክ?»

«የክብር ዘበኛውን ነዋ!»

«እሱ ኋላ ነው ያለው እኮ።»

ጡቡን አፍንጫው ሥር አቀረብኩለት። አላየውም፤ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«አሮጌው ወረቀት ላይ በመርፌ ምልክት ወግቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በጣቴ ነበር የማነባቸው።»

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ስምንት ወር ይሆነኛል። ዓይን የሌለውን መነጽር ሠሪ ማን ያሠራዋል ብዬ ደበቅሁ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል እል ነበር።»

«በዚህ ሳምንት መነጽር የወሰደ አለ?»

ሳይመልስልኝ ከመስኮቱ በታች የአውቶቡስ ጥሩምባ ጮኸ። ሹፌሩ ባለፈ ቁጥር ማርሻልን ሰላም የሚለው እንደዚያ ነው።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ትናንት ነው የወሰደው» አለ።

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«ደውልለት። ተሳፋሪውን አውርዶ አሁኑኑ ይቁም። ለምን ካለህ እውነቱን ንገረው» አለ። «ቁጥሩን አንተ ፈልግልኝ፤ እኔ አይታየኝም።»