በገዛ እጄ

ከአቀስታ ስመለስ የጸጥታ ሰዎች ከሚኒባሱ አወረዱኝ። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ "የታፈሱት ተማሪዎቼ የት ናቸው?" ማለቴ ነበር። ያጎሩን የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ብርዱ ከሲሚንቶው ተነሥቶ አጥንት ይገባል።

ሲፈትሹኝ መድኃኒቴን አገኙ። የአእምሮ ሕመም አለብኝ፤ ዓመታት በመምህርነት የቆየሁትም በዚያው መድኃኒት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቀረ። ጠዋት ቆጠራ ላይ ዘበኛው የመድኃኒቴን ፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣና "እብዱ፣ አፍህን ክፈት!" ይለኛል። ክኒኗን ምላሴ ላይ ይጥልና መዋጤን በጣቱ ድዴን እየዳሰሰ ያጣራል። ያ ጣት! ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ ደብድበው እየጎተቱ ከምርመራ ሲመልሱት "ሰው አይደለም ወይ?" ብዬ ጮህኩ። መርማሪው እንኳ አልተቆጣም። "መድኃኒቱን አልዋጠም መሰል፤ ድገሙለት" አለ። ደገሙልኝ። ምላሴ ተሳስሮ ሁለት ቀን ተዘረርኩ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ተውኩት። ሽንት ቤት ስንወጣ ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከትቼ አስመልሰው ጀመርኩ። ዛሬ "መድኃኒት የሚያቆም ሰው አላዋቂ ነው" የሚል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጥቅሙንማ አሳምሬ አውቃለሁ! ያቆምኩት ቁጣዬን በሽታ ስላደረጉብኝ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ እንቅልፍ ጠፋ፤ ግድግዳው በስሜ ይጠራኝ ጀመር። አጠገቤ የሚተኙት ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ፣ አስተማሪ ሼህ ነበሩ።

"እንደምታስመልሰው አውቃለሁ፣ ልጄ" አሉኝ።

"ከእነሱ እጅ አልውጥም፣ ሼህዬ።"

"ካንተስ እጅ?"

"ከራሴማ እውጥ ነበር።"

"በል ይበቃል" አሉኝ።

በነጋታው ዘበኛው "እብዱ!" ብሎ ሲጣራ ሼሁ ብድግ ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። በእኛ አገር ዱዓ ሲደረግ እጁን የሚሰበስብ የለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም "አሚን" ይላል። መጋዘኑ በሙሉ መዳፉን ዘረጋ። ዘበኛውም ልማድ ሆኖበት ፌስታሉን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ እጁን ዘረጋ።

"ያረቢ! ይህ መምህር ጤናውን በገዛ እጁ ይያዝ!"

"አሚን!"

ዘበኛውም "አሚን" አለ። የደነገጠው ካለ በኋላ ነው።

"አሚን ያልክበትን ልታጥፍ ነው?" አሉት ሼሁ።

ዓይኔን ሳያይ ክኒኗን መዳፌ ላይ አኖረ። ውኃ ጠየቅሁት፤ አመጣልኝ። ቀስ ብዬ ዋጥኩ። አፌን ግን አልከፈትኩለትም።

ዛሬ ተፈትቼ መካነ ሰላም፣ ቤቴ ነኝ፤ መድኃኒቴን ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። ያ ገበሬ እስካሁን ያነክሳል፤ የመታው ሰውዬ ደግሞ በገበያ ቀን ሲያገኘኝ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም ይለኛል! ይህን ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል። ባለፈው ወንድሜ ቀስ ብሎ "መድኃኒትህን ወስደሃል?" አለኝ።

"ወስጃለሁ" አልኩት። "ወስጄም ተናድጃለሁ።"