ጨርቅ የተወተፈበት የቁልፍ ቀዳዳ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ የሦስት ዓመቱ ወንድሜ አቡሽ ደባርቅ ባለው ቤታችን ውስጥ በሩን በራሱ እጅ ቆልፎ ብቻውን ቀረ። አጠገቡ የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ነበር።

እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዝናቡ ጋብ ሲልልን ከእናቴ ጋር የራሰ ገብስ ልናሰጣ ጓሮ ወጥተናል። አቡሽ እንዳይበርደው ብለን በሩን ገርበብ አድርገን ነው የተውነው። ስንመለስ ተዘግቷል። ቁልፉ ከውስጥ በኩል እንደተሰካ ነው።

በዚያ ዘመን ክረምት ሲገባ የደባርቅ ሰው አሮጌ ጨርቅ አይጥልም። ከሊማሊሞ ገደል የሚወጣው ነፋስ ቀዳዳ አይመርጥም፤ ስለዚህ የበሩ ሥር፣ የመስኮቱ ስንጥቅ፣ የቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር ይወተፋል። ትልልቆቹ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ ብርድ ከሜዳው ብርድ ይከፋል ይሉ ነበር። የእኛም ቤት እንዲሁ ተወትፎ ነበር። የከሰሉ ጭስ የሚወጣበት አልነበረውም።

እናቴ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። የጥድ በር ነው፤ ንቅንቅ አላለም። መስኮቱም ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጩኸቷን ሰምተው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ መጥረቢያ ይዘው መጡ።

«ዞር በይ፣ እሰብረዋለሁ!»

«ተዉ ጋሽዬ! በሩን ተደግፎ ነው የቆመው። ይሰማኛል፣ እዚሁ ነው ያለው!»

መጥረቢያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ሰይድ ከቁልፉ ቀዳዳ ጨርቁን መዘዙት። የከሰል ሽታ ወጣ። ሽታውን ዛሬም ለይቼ አውቀዋለሁ።

የቁልፍ ቀዳዳ ምን እንደሆነ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ቁልፉ የሚገባበትና ጥርሱ የሚዞርበት ክፍተት ነው፤ ላዩ ክብ፣ ታቹ ቀጭን ስንጥቅ። የድሮ በር ላይ ከዳር እስከ ዳር ያሳልፋል፤ ዓይን ሲያስጠጉበት ቤቱ ይታያል። ቁልፉ የሚወጣው ግን ጥርሱ ከስንጥቁ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። አቡሽ ቆልፎ መልሶ ለመክፈት ሲታገል ግማሽ ላይ አስቀርቶታል። ጋሽ ሰይድ ከአሮጌ ጃንጥላ የነቀሉትን ሽቦ አስገብተው ገፉት፤ እንቢ አለ።

«ወይ ይክፈተው፣ ወይ ጥርሱን ወደ ታች ቀጥ ያድርገው» አሉ። «ቀጥ ካለ እኔ ገፍቼ እጥለዋለሁ።»

እናቴ በበሩ ሥር የተወተፈውን ጨርቅ በጣቷ መንጭቃ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ውስጥ አሳለፈች፤ ቁልፉ ሲወድቅ እንዲያርፍበት። ከዚያ አቡሽን ትለምነው ጀመር። እያለቀሰች ስለነበር እሱም አብሮ አለቀሰ። ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ አናግሪው። ቀዳዳው በቁመትሽ ልክ ነው፤ ደግሞ አንቺ አታለቅሺም።»

አፌን አስጠጋሁ። «አቡሽ፣ ቁልፉን አዙረው።»

«ራሴን አመመኝ።»

«አዙረውና እንወጣለን።»

«እንቅልፌ መጣ።»

«እንዳትተኛ!» አለች እናቴ ከኋላዬ።

ቁልፍ ማዞር ምን እንደሆነ በቃል ላስረዳው አልቻልኩም። ያኔ የአባታችን ሬዲዮ ትዝ አለኝ። አባታችን የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት ሲሆን ሬዲዮውን ከጆሮው አይለይም። አቡሽ የድምፁን መዘውር ማዞር ይወዳል፤ በነካው ቁጥር ይቆነጠጣል።

«አቡሽ፣ እንደ አባዬ ሬዲዮ ነው። ድምፁን ቀንሰው።»

በቀጭኑ፣ «አባዬ ይቆነጥጠኛል» አለ።

«አይቆነጥጥህም! ዛሬ ተፈቅዷል።»

«ማን ፈቀደ?»

«እኔ ፈቀድኩ ልጄ፣ የኔ ጌታ፣ ንካው!» እናቴ ናት።

«ወዴት ላዙረው?»

ለእኔ ቀኝ የሆነው ለእሱ ግራ ነው። «ወደ መስኮቱ» አልኩት።

ብረቱ ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ፤ ደግሞ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ ስጠራው አልመለሰም። ጋሽ ሰይድ ገፋ አድርገውኝ ሽቦውን ሰደዱት። ቁልፉ ወደቀ። በባዶው ቀዳዳ አንድ ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ፤ የሚታየኝ ወለሉ ላይ የተዘረጋ እጁ ብቻ ነበር።

እናቴ ነጠላውን በቀስታ ሳበች። ቁልፉ መሃል ላይ ከጨርቁ ተንሸራተተ፤ በጣቷ ደርሳ አወጣችው። ጋሽ ሰይድ ከፈቱ፤ አቡሽን እንዳይገፉት በሩን ቀስ አድርገው ገለጥ አደረጉና አንሥተውት ወደ ጓሮው ወጡ። ከንፈሩ ጠቁሯል። እዚያ አስታወከ፣ ቆየት ብሎም አለቀሰ። ልቅሶውን ስትሰማ እናቴ ያሰጣነው ገብስ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

ምን ያህል እንደቆየ ዛሬም አንስማማም። እናቴ ግማሽ ቀን ነበር ትላለች። ጋሽ ሰይድ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ብዙም አልነበረም ይሉ ነበር። እኔ ሰዓት አላየሁም።

ባለፈው ጥር ደባርቅ ሄጄ ነበር። ያ ቤት የለም፤ ቦታው ላይ አቡሽ ብሎኬት ቤት ሠርቷል። የአሁኑ በር ብረት ነው፤ የቁልፉ ቀዳዳ ወዲያ ማዶ አያሳይም። ልጆቹ ዓይናቸውን አስጠግተው ማንንም አይሰልሉም፤ በዚያ በኩል ተንበርክኮ የሚያወራም የለም። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። አመሻሽ ላይ ብርድ ሲሆን ከሰል አቀጣጠለና መስኮቱን ከፍቶ ተቀመጠ። የውስጡን መቀርቀሪያ አየሁት፤ ከልጆቹ ቁመት በላይ ነው የተበየደው።