ትንፍሽ የማይል ፊልትሮ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራው ጆሮ ብሎ ነው። ጆሮ መጣ፣ ጆሮ ሄደ፣ መኪናህ ካመማት ጆሮ ዘንድ ውሰዳት። ሚስቱ እንኳ ሲያናድዳት ስሙን ትጠራለች እንጂ በደህናው ቀን ጆሮዬ ነው የምትለው። ይህን ስም ደግሞ በነጻ አላገኘውም። ከቤቱ ጀርባ ካለችው ጋራዥ መኪና ሲገባ ምን ሆነች ብሎ አይጠይቅም፣ ኮፈን ለመክፈትም አይቸኩልም። ሰዉን ሁሉ ዝም ያሰኝና ሞተሩን አስነስቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ያዳምጣል። "እዚህ ጋ ነው" ይላል። ሲፈታም እዚያው ጋ ይገኛል። ሙያውን ያስተማረው አጎቱ፣ ዓይን ያታልላል፣ ባለመኪና ደግሞ ከዓይንም ይብሳል፣ ሞተር ግን ውሸት አያውቅም እያለ ነው ያሳደገው። ዓይን መጨፈኑንም ከአጎቱ ነው የወረሰው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው እርጅና በጆሮው በኩል የመጣበት። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ፤ እሱ ወፎቹ ዛፉን ለቀው የሄዱ መስሎት ነበር። ቀጥሎ ማንቆርቆሪያው ማፏጨቱን ተወ። ተበላሸ ብሎ ክዳኑን ፈታትቶ፣ ጠርጎና አጽድቶ መልሶ ገጠመው። ሚስቱ ቆማ ስታየው ነበር። ወፍራሙ ድምፅ አልከዳውም፤ የሞተር ጉርምርምታ፣ የመዶሻ ምት ይሰማዋል። አንድ በአንድ እየተሰናበተ የሄደው ቀጭን ቀጭኑ ነው። ሰው ሲያዋራው አንገቱን እየነቀነቀ "እሱማ ነው" ማለት ለመደ።

"እሱማ ነው" ለብዙ ነገር ይበቃል፣ ለሁሉም ግን አይበቃም። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ ሆስፒታል መግባቱን በአጥር ላይ ሆና ብትነግረው፣ ፈገግ ብሎ እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ አላት። ሴትየዋ ክው አለች። ሚስቱ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጥታ፣ ልቡ ሥራው ላይ ሆኖ ነው፣ የሌላ ሰው ወሬ መስሎት ነው ብላ ከጉድ አወጣችው። እሱ ግን ስለ ጆሮው ለማንም ትንፍሽ አላለም። ምን ብሎ ይናገር? ጆሮ ደነቆረ ከተባለ ማን መኪናውን ያመጣለታል? ደግሞ ከገበያው ይልቅ ያስፈራው ሌላ ነገር ነው። ጆሮው ከሄደ እሱ ራሱ ማን ሆኖ እንደሚቀር አያውቅም ነበር።

በዚህ መሀል ነው የጥርስ ሐኪሙ መኪና የመጣችው። ሁለት በር ያላት፣ ቀይ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች የድሮ የስፖርት መኪና ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። ጆሮ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ፣ ይቺ ውሃ አትጠጣም፣ የሚያበርዳት ነፋስና ዘይት ነው ይላል። ለሌላው መኪና ዘይት ደም ከሆነ፣ ለእሷ ደምም ውሃም ነው። ዘይት ለአፍታ ሲቀርባት ብረት ብረትን ይበላል። ያ ሞተር ከተበላ ደግሞ ተተኪው በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም።

ሐኪሙ መኪናዋን የወረሰው ከአባቱ ነው። አሮጊት እናቱ ሙሽራ ሳሉ በእሷ ተቀምጠው ተራራውን ወጥተው፣ ከሐይቁ ዳር ያለው ቤታቸው ገብተው ነበር። አሁን፣ ሳልሞት በዚያችው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያንን መንገድ አንድ ጊዜ ልየው ብለው ልጃቸውን ወጥረው ያዙት። ሐኪሙም ለመጪው እሑድ ቃል ገባ። ለጆሮ የነገረው ዘይቱና የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ እንዲቀየር ብቻ ነው። "ጋሼ፣ ዳገቱ ላይ እናቴን ይዤ እንዳልቀር እንጂ ሌላው ግድ የለኝም" ብሎት ሄደ።

ፊልትሮ ያው ፊልትሮ ነው የሚል ሰው ካለ ጆሮ ዘንድ ባይደርስ ይሻለዋል። ለጆሮ ፊልትሮ መምረጥ አማች ከመምረጥ አይተናነስም። መለዋወጫ መደብሩ ሄዶ ያለውን ሁሉ ባንኮኒው ላይ አስደረደረ። ሻጩ ወሬኛ ነው፤ ሁሉም ኦሪጅናል ነው፣ ካልሆነ እናቴ ትሙት ይላል። እኚያ ምስኪን እናት በአንድ ፍሬን ሸራ ብቻ ስንት ጊዜ እንደሞቱ እሳቸው ያውቃሉ። ጆሮ ሰውየውን ትቶ ዕቃውን ያዘ። በመዳፉ መዘነ፣ ቀለል ያለውን ወደ ጎን ገፋ። ላሜራውን በጥፍሩ ኳ አደረገ። ዙሪያውን ያለውን ጎማ አጠፍ ዘርጋ አደረገ። በቀዳዳው አሾልቆ ወረቀቱ በደንብ መታጠፉን አየ። መጨረሻ ላይ የቀረችው የአጎቱ ፈተና ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልትሮው ውስጥ አንዲት የጎማ ክዳን አለች፤ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ ወደ ታች እንዳይፈስ የምትይዘው እሷ ናት። ካልያዘች ፊልትሮው ባዶውን ያድርና ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ዘይት እስኪደርሰው በደረቁ ይፋጫል። ይህን ለማወቅ አጎቱ በመሀለኛው ቀዳዳ በአፉ ይነፋ ነበር። ጎማዋ ደህና ከሆነች ትንፋሹ እዚያው ይታፈናል። ካልሆነች በዙሪያው ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እስስ እያለ ይወጣል። አጎቱ፣ ጥሩ ፊልትሮ እንደ ጥሩ ወዳጅ ነው፣ ትንፍሽ አይልም ይል ነበር።

ጆሮ አንዱን አንስቶ ነፋ። ትንፍሽ አላለም። ሁለተኛውንም ነፋ፣ እሱም ዝም። የቀሩትንም ሞከረ፣ ሁሉም ዝም። ዘንድሮስ ጥሩ ዕቃ ገብቷል ብሎ ተገረመ። ከባዱንና ቀለሙ የሚያብረቀርቀውን መርጦ፣ በልቡ አጎቱን እየመረቀ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ዘይቱን ቀየረ፣ ፊልትሮውን ገጠመ፣ መኪናዋንም እስከ እሑድ እየፈተሽኩ ላቆያት ብሎ ጋራዡ ውስጥ አቆማት። ጠዋት ጠዋት ያስነሳታል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሞተሯ ወፈር ባለ ድምፅ ታጉረመርማለች፤ ለእሱ ከዚህ የሚጥም ነገር የለም። በመጀመሪያው ቀን ሚስቱ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ እንደያዘች ወጥታ ደጁ ላይ ቆመች። በማግስቱም ወጣች። ሰማኸው ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ ምን እንዳለችው አልሰማም።

"እሱማ ነው" አላት።

ትንሽ አየችውና ተመልሳ ገባች። ዓርብ ጠዋት ግን መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ክንዱን ያዘችው፣ ቃሉን በአፏ ቀስ እያደረገች ተናገረች። መኪናዋ ስትነሳ ትንጫጫለች፣ ማንኪያ የሞላበት መሳቢያ ሲናወጥ እንደሚለው፤ ትንሽ ቆይታ ዝም ትላለች፤ በየማለዳው እንደዚሁ ነው አለችው።

ጆሮ ደሙ ፈላ። ሞተር ከወጥ ቤት ሆኖ መታከም የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው አለ። እሷም ይህን ሁሉ ዘመን መስኮቱ በጋራዥ ላይ ተከፍቶ በኖረ ቤት፣ እንኳን ሰው ግድግዳውም መካኒክ በሆነ ነበር ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ምሳም አልበላ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ወርዶ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ቁልፉን ሲያዞር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልጨፈነም። መሪው ፊት ለፊት የዘይቷ ቀይ መብራት አለች፤ ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው መጥፋት አለባት። አልጠፋችም። ቦግ ብላ አፈጠጠችበት፣ ቆየች፣ ከዚያ ነው የጠፋችው። ቁልፉን መንጭቆ ሞተሩን አጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ ይቺ መብራት ስትነግረው ከርማለች፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ በሌለ ጆሮው ያዳምጥ ነበር።

ፊልትሮውን ፈታው። ጠርጎ አፉን በመሀለኛው ቀዳዳ ገጥሞ ነፋ። ምንም ድምፅ የለም። ግን አገጩን ቀዘቀዘው። ደግሞ ነፋ፣ ደግሞ ቀዘቀዘው። የገዛ ትንፋሹ ነው፤ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች እየወጣ ተመልሶ ፊቱን የሚመታው። ጆሮ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እናትየዋን ዳገት ላይ ቆመው በዓይነ ሕሊናው አያቸው፤ ሞተሩ ተበልቶ፣ ቀናቸውም ተበልቶ።

ሚስቱ ስትመጣ አፉም አገጩም ዘይት በዘይት ሆኖ አገኘችው። በጨርቋ ትጠርግለት ጀመር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አላት።

"ከማንቆርቆሪያው ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"አንተ ትንፍሽ ሳትል እኔ ምን ብዬ ልናገር? ራስህ እስክትነግረኝ ስጠብቅህ ነበር" አለችው። "ጥበቃው ሰለቸኝ፣ ጆሮዬ።"

ሌላ ማን እንደሚያውቅ ጠየቃት። ሳቋ አመለጣት። ልብስ ሰፊዋ፣ ዳቦ ሻጩ፣ ደንበኞቹ፣ ማን ያላወቀ አለ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ኖሯል። ሰዉ ሁሉ ለእሱ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያናግረው፣ እሱ ደግሞ የዘመኑ ሰው ጯሂ ሆነ እያለ ሲያማ ነው የከረመው።

ረፋዱ ላይ ሐኪሙ ለነገ መኪናዬን ልይ ብሎ እናቱን ደግፎ መጣ። የጆሮ ሚስት ለአሮጊቷ ወንበር አወጣችላቸው። ጆሮ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየና ወደ ሐኪሙ ቀረበ።

"ዶክተር፣ እንዲህ ሆና መኪናዋን አልሰጥህም። የገጠምኩላት ፊልትሮ የማይረባ ነው። የመረጥኩትም በጆሮዬ ነው፤ ጆሮዬ ደግሞ መስማት ከተወ ቆይቷል።"

ሐኪሙ ዞር ብሎ መኪናዋን አየ። እናቱ ከወንበራቸው ሆነው ምን አለ ብለው ጠየቁ። እሳቸውም ጆሯቸው ከደከመ ሰንብቷልና ልጃቸው ጎንበስ ብሎ፣ "ጆሮ አይሰማም!" ብሎ ጮኸላቸው።

"ታዲያ ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው፣ ስንት ዓመቱ!" አሉ። ስለ ራሳቸው ጆሮ የተወራ መስሏቸው ነው። ሚስቱ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ጆሮም ሳያስበው ሳቀ። ነገሩ ሲገባቸው እናትየዋ በምርኩዛቸው ጠሩትና አጠገባቸው አስቆሙት።

"ለእኔ ልጄ ይሰማልኛል" አሉት። "አንተ ሰሚ የለህም?"

ጆሮ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም መደብሩ ሄዱ። ሻጩ ባልና ሚስቱን ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው ሲያይ ወሬው ሁሉ ጠፋበት። ጆሮ ይነፋል፣ እሷ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። "ትተነፍሳለች" ትላለች፣ ወደ ጎን ይገፋል። ሌላ ያነሳል። ይቺም ትተነፍሳለች። የሚያብረቀርቁት ሁሉ፣ ባለፈው ያመሰገናቸው ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር እስስ አሉ። ሻጩ እናቱን ሊገድል አፉን ከፈተና የሴትየዋን ዓይን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ኋላ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ ካርቶኑ የወየበ፣ አቧራ የለበሰ አንድ ፊልትሮ አወጣ። መልኩን አይቶ የሚወደው የለም። ጆሮ ነፋ። ሚስቱ ዝም አለች። ደግመህ ንፋ ብላ በእጇ አሳየችው። እስትንፋሱ እስኪያጥረው ነፋ።

"ትንፍሽ አትልም" አለች።

እሑድ ጠዋት ሐኪሙ መጣ፤ እናቱ በዚያችው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ልብስ ሰፊዋም በአጥሩ ላይ ብቅ ብላለች። ጆሮ ረጅሙን ካቻቢቴ ከግድግዳው አወረደ። ማንም እንዲነካው ፈቅዶ አያውቅም። ለሚስቱ ሰጣትና የት እንደምታሳርፈው አሳያት፤ እሷ ግን ቦታውን ታውቀው ነበር። ሐኪሙ ቁልፉን እንዲያዞር ምልክት ሰጠው።

ሞተሯ ተነሳች። ቀይዋ መብራት ወዲያው ጠፋች። ጆሮ ግን የሚያየው የሚስቱን ፊት ነው። እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ልክ እንደ እሱ፣ ታዳምጣለች። 

"ምን ትላለች?" ብሎ ጠየቃት። ጮክ ብሎ ነው የጠየቀው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዓይኗን ገለጠች። "ምንም። ደህና ናት፤ ይሂዱ።"

መኪናዋ በሩን ወጥታ ወደ ተራራው መንገድ ስትታጠፍ እናትየዋ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ያውለበልቡ ነበር። ሚስቱ ካቻቢቴውን ልትመልስለት ዘረጋችለት። እሱ አልተቀበላትም።

"አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፣ ጆሮዬ" አላት።