የኋላ ማርሽ የሌላት መኪና

«አምስተኛው ሞዴል ነው እያልኩሽ ነው!» አሉ ጋሼ፣ የኩሽናውን ጠረጴዛ በመዳፋቸው እየመቱ። «ስንቴ ልንገርሽ? አምስተኛው ሌላ መኪና ነው!»

«እግሩስ?» እትዬ ከሩዙ ድስት ፊታቸውን አላዞሩም።

«እግሩማ...»

«እግሩ ስንት ነው? እሱን ንገረኝ።»

«ሦስት።»

«በቃ! ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።»

«ቆይ አስጨርሽኝ። በሩ ሁለት ነው፤ አንዱ በአንቺ በኩል፣ አንዱ በእኔ በኩል። ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሞተሩን ታጠፊና ተገላቢጦሽ ታስነሺዋለሽ፤ በቃ፣ ወደ ኋላ ይነዳል።»

«አጥፍቶ ወደ ኋላ የሚያስነሳ ለአንተም ቢሠሩልህ ጥሩ ነበር።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም እኩል ዞረው አፈጠጡብኝ።

«አንተን ደግሞ ምን ያስቅሃል?» አሉ ጋሼ።

ሻዬን ማማሰል ቀጠልኩ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዌምብሊ ውስጥ የእነሱ ቤት ፎቅ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ቀን ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ፤ በእረፍት ሰዓት የዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ገልብጬ ግጥም እጽፋለሁ። ጋሼ እዚያው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያወርዳሉ። እትዬ ሆስፒታል ያጸዳሉ፤ እንግሊዝኛም ከዚያው ለቃቅመዋል። የያዙት ክርክር ሳምንት ሊሞላው ነው። በመካከሉ ስለ ሞላ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ባትሪ ብዙ ይነሳል፤ ጋሼ የሚፈልጉት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። እትዬ ተመልሰው ከጎናቸው፣ ጋቢና እንዲቀመጡላቸው።

ጋሼ ሃያ ዓመት በአሰብ መንገድ ላይ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ነድተዋል። እትዬን ያገኟቸውም እዚያው መንገድ ላይ፣ ሚሌ፣ ሻይ ቤት ከፍተው ሲሠሩ ነው። ጋቢና አስቀምጠው አዲስ አበባ ይዘዋቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ መኪናው በተነሳ ቁጥር ያ ቦታ የእትዬ ነበር። ለንደን ከመጡ ወዲህ ግን ጋሼ የእትዬን ቦርሳ ተሸክመው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይቆማሉ።

የመኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና አራት ጊዜ ወድቀዋል። አንደኛውን ጊዜ ጠመዝማዛ ላይ ጡሩምባ ነፉ፤ በአሰብ መንገድ ሳይነፋ የሚታጠፍ ሾፌር ዕድሜ የለውም። ሁለተኛውን ጊዜ ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥተው፣ ፎሌ አድርገው መኪናዋን ለቀቋት። ሦስተኛውን ጊዜ ከፊት ለሚመጣ አውቶቡስ ሾፌር በመብራት ሰላምታ ሰጡ። አራተኛውን ጊዜ ፈታኙ የድንገተኛ ፍሬን አያያዛቸውን ሊያይ «ቁም!» ሲላቸው አልቆሙም፤ አንገታቸውን አስግገው መንገዱን እያዩ «ምን አየህ?» ብለው ጠየቁት። የሞተር ሳይክሉን ፈተና ግን በአንድ ጊዜ አለፉ፤ በሞተር ሳይክል ላይ የሚተዉት ልማድ አልነበራቸውማ። እትዬ ሞተሩ ላይ አልወጣም አሉ። «በስተርጅና አንተን አቅፌ፣ ቀሚሴን ነፋስ ገልቦት?»

አንድ የመጋዘን ባልደረባቸው ነው፣ በሞተር ሳይክል ፈቃድ ባለ ሦስት እግር መኪና መንዳት እንደሚቻል የነገራቸው። ያን ቀን ማታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወደ ክፍሌ መጡ። «ተነስ። እንግሊዝኛህ ዛሬ ይፈለጋል።»

ስልክ ደዋውዬ አንድ ጋራዥ አገኘሁ፤ ቅዳሜ ባተርሲ ሄድን። ከባቡር ሐዲዱ ድልድይ ስር ባለ ጋራዥ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ባለ ሦስት እግር መኪኖቹን በተራ ደርድሮ ጠበቀን። ሁሉም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ የሚጠሩትም በፊደል ነው፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ። ሽማግሌው በብሎን መፍቻ እየጠቆመ እንደ ፊደል አስቆጣሪ የኔታ ያስቆጥረን ጀመር፤ እኔም እየተከተልኩ ለጋሼ እተረጉማለሁ።

የመጀመሪያዋ ከጦርነቱ በኋላ፣ ቤንዚን በራሽን በነበረበት ዘመን የተሠራች ናት። ከኋላ ሞላ የላትም፤ ጉድጓዱን የሚችለው የጎማዋ አየር ነው። በርም የላትም፤ እግርን አንስቶ መግባት ነው። ለሁለተኛዋ ከኋላ ሞላ ተገጠመላት። ሦስተኛዋ አፍንጫ አወጣች፤ መብራቶቿ በግራና በቀኝ እንደ ተነፋ ጉንጭ ሆኑ፤ በግራ በኩል አንድ በር ተበጀላት። የፊት ጎማዋም ከነሞተሯ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ይታጠፋል። ሽማግሌው ገብቶ ባለችበት ቦታ እንደ እንዝርት አሾራት። ጋሼ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። አራተኛዋ ባትሪዋ ጠንክሮ በቁልፍ መነሳት የጀመረችው ናት፤ አምስተኛዋ ረዘም ብላ ሁለተኛ በር ያገኘችው። እነዚህ ሁለቱ ግን ተፈታተው መሬት ላይ ተዘርግተዋል። ለመንገድ የተዘጋጀችው ሦስተኛዋ ብቻ ነበረች።

ጋሼ በአንዷ በር ገብተው፣ በመቀመጫው ላይ ተንፏቀው ወደ መሪው ተሻገሩ። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽማግሌው ይህን ጊዜ ነው ወደ እኔ ዘንበል ያለው። «የኋላ ማርሽ እንደሌላት ንገረው» አለኝ። «ሆን ተብሎ ነው። የዚያን ጊዜው ሕግ እንደ ሞተር ሳይክል እንዲቆጥራት ተብሎ የተተወ ነው።»

ጋሼን አየኋቸው። ጣርማ በር ላይ፣ ገደል አፋፍ፣ ከነተሳቢው ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ነድተው ለቆሰለ ሰው መንገድ የለቀቁበትን ታሪክ ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወደ ኋላ መንዳት ለእሳቸው የሾፌርነት ወጉ ነው። ብነግራቸው ወርደው «ጎዶሎ ናት» ይላሉ፤ በአውቶቡስ እንመለሳለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ጋራዥ ይዣቸው እዞራለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ለእሳቸው ያዘንኩትን ያህል ለቅዳሜዬም አዝኛለሁ።

«ምን አለህ?» አሉ ጋሼ።

«መልካም መንገድ ይሁንላችሁ ነው የሚለው» አልኩ።

ገንዘቡን ከፈሉና እስከ ዌምብሊ ድረስ ቁልቁለት ባገኙ ቁጥር ፎሌ እያደረጉ፣ እያንጎራጎሩ ነዱ። ሰፈር ስንደርስ አንድ ያገራችን ሰው ከመንገዱ ማዶ ጮኸ፤ «ጋሼ! አራተኛዋን ጎማ ጉምሩክ ያዘብዎት?» ጋሼ መስታወቱን አውርደው፣ «ለአንተ ትሁን ብዬ ትቼልሃለሁ!» አሉት። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ በዓልም ነበር። እትዬ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መኪናዋን ሁለቴ ዞረው፣ አማትበው ገቡ። እኔ በአውቶቡስ ቀድሜ ሄጄ ከእንግሊዞቹ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ነበር። በቅያሱ ሞተሯን እያስጮኹ ሲመጡ አየሁ። ጋሼ ሰዉ ሁሉ እያያቸው ፍጥነታቸውን ቀነሱ፣ መሪውን ሰበር አደረጉ፣ መኪናዋን በግራ በኩል ከግንቡ አጥር ጋር አጣብቀው፣ አፍንጫዋን የተዘጋው የብረት በር ድረስ አስጠግተው አቆሟት። መዳፍ እንኳ አያሳልፍም። ሞተሩን አጠፉ።

የአሰብ ሾፌር ከተማ ገብቶ ሲያድር እንዲህ ነው የሚያቆመው። የጋቢናው በር ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ሌባ በዚያ በኩል አይገባም፤ በዚህኛው በኩል ደግሞ ሾፌሩ ራሱ አለ። የሃያ ዓመት ልማድ ነው፤ እጅ ራሱ ያደርገዋል።

እትዬ በሩን ገፉ። ግንብ። እንደገና ገፉ።

«ወደ ኋላ በላት» ሲሉ ተሰማኝ።

ጋሼ ማርሹን አንድ ጊዜ አስገቡ፣ ሁለት ጊዜ አስገቡ፣ ወደ ታች ጎንበስ ብለው ፈለጉ። የፊት ጎማዋን አጥፈው ሊያዞሯት ሞከሩ፤ አፍንጫዋ ወደ መንገዱ ስትወጣ ጭራዋ ግንቡን ገጨችና ቆመች። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። «የጣራዋን ሸራ ገልጠን በላይ እንውጣ» አሉ ጋሼ። «በዚህ ቀሚስ? በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ?» አሉ እትዬ። ወጣቶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አንዱ «ቅዳሴውን ከዚያው ያስቀድሱ፣ መስታወቱን እንክፈትልዎት?» አለ።

መጨረሻ ላይ አራት ሆነን ኋላዋን ይዘን አነሳናት፤ አንደኛው እኔ ነበርኩ። ገላዋ አሉሚኒየም ነው፣ ከነሰዎቹ አልከበደችም። ወደ መንገዱ ጎትተን አስቀመጥናት። አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። እትዬ ወርደው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ገቡ። ወደ ቤት የተመለሱት በአውቶቡስ ነው። መኪናዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጃፋችን ላይ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች።

ጋሼ ሰኞ ዕለት ባተርሲ አስደወሉኝ። ሽማግሌው አምስተኛዋን እየገጠማት ነው፤ ወደ ኋላም ትሄዳለች፤ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ከመጣችሁ እለውጥላችኋለሁ አለ። ያ ቅዳሜ ዛሬ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ እትዬ ሩዝ እያማሰሉ ነው።

«ሰው ሳቀብሽ፣ ገባኝ» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁን ግን ምን ያስቃል? በሁለት በር...»

እትዬ ማማሰያውን አስቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጋሼ ዞሩ። «ሰው ሳቀብኝ ብዬ ነው የመሰለህ? ሚሌ ላይ ሻይ የሸጥኩ ሴት ነኝ፤ ሳቅ ይገድለኛል?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አራት ወንድ ነው ያነሳህ።» እጃቸውን በጉርዳቸው ጠረጉ። «እኔም አብሬህ ነበርኩ፣ ግን ራሴን አላየሁም። አንተን ነው ያየሁት። ዓይንህን ጨፍነሃል፣ አንገትህን ደፍተሃል፣ አራት ሰው ተሸክሞሃል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። እነሱ እልል ሲሉ እኔ የሰማሁት ለቅሶ ነው። አይቀርም፣ አውቃለሁ። ግን በቁምህ አታሳየኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሞላ ትለኛለህ፣ ባትሪ ትለኛለህ!»

 የሩዙ ክዳን ይንቀጠቀጣል። ከእነዚያ አራት ሰዎች አንዱ እኔ እንደነበርኩ ትዝ አለኝና ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ ተነስቼ። «ሽማግሌው የኋላ ማርሽ እንደሌላት ነግሮኝ ነበር። ለጋሼ አልነገርኳቸውም።»

«መቼ ነው የነገረህ?» አሉ ጋሼ።

«መሪውን ይዘው ዓይንዎን የጨፈኑ ጊዜ። መልካም መንገድ አለ ያልኩዎት ውሸቴን ነው።»

እትዬ እኔን ትተው ባላቸውን ማየት ጀመሩ። ጋሼ ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሰበብ ቢያገኝ ይይዘው ነበር፤ ይኸው፣ ጥፋተኛው ተገኘ ብሎ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብትነግረኝም እገዛት ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ። «ግንብ ያስጠጋሁሽ እኔ ነኝ። በሯ አንድ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ገና ከመግዛቴ በፊት ነው ያወቅሁት። እጄ ለመደ፣ አስጠጋሁሽ። አስደነገጥኩሽ። የእኔ ጥፋት ነው።»

እትዬ ወደ ምድጃው ዞሩ። ከዚያ እሳቱን ቀነሱ።

«ሰውዬው እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጠብቀው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እስከ ስድስት ሰዓት።»

«ሁለቱንም በር እኔ ራሴ ከፍቼ ዘግቼ ቼክ ሳላደርግ ምንም እንዳትፈርም» አሏቸው ጋሼን። «የኋላ ማርሹንም ፊቴ ነው የሚያስነሳው።»

 ጋሼ ቁልፉን ከመስኮቱ ላይ አንስተው ሊሮጡ ምንም አልቀራቸው፤ ቀድመው ገብተው ወደ መሪው መሻገር ነበረባቸው። ከደጅ ላስቲኩ ሲገፈፍ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ሲነሳ ተሰማ።

«እኔስ?» አልኩ። «ላስተርጉም ልምጣ?»

«አንተ?» እትዬ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። «አንተ ሩዙን ጠብቅ፣ እንዳያር። ሰውዬው የሚለውን እኔው እሰማዋለሁ።»

ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።