የሠርጉ በሬና የእኔ ትኩሳት

በደርግ ዘመን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ላገባ ተዘጋጅቼ ነበር። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለድግሱ የተገዛው በሬ ኮልፌ ከሚገኘው ግቢያችን ታሰረ። ያን ጊዜ መዥገር የምታስተላልፋቸውን ቫይረሶች አጠና ስለነበር፣ እንደ ሌላው ሙሽራ ሻኛውን በማድነቅ ፈንታ ጆሮውንና የጭኑን ሥር ስፈትሽ ዋልሁ።

ማታ ልብሴን ሳወልቅ አንዲት መዥገር እግሬ ላይ ተጣብቃ አገኘሁ። በወረንጦ ነቀልኋት፤ ዕውቀቴ ግን ሰላም ነሳኝ። ከቫይረሶቹ አንዱ በድንገተኛ ትኩሳትና በራስ ምታት ይጀምርና ከድድና ከአፍንጫ ደም እስከ ማፍሰስ ያደርሳል፤ የታማሚውን ወይም የከብቱን ደም የነካ ሰውም ሊያዝ ይችላል። በአገራችን መኖሩን ገና አላረጋገጥንም ነበር፤ አለመኖሩንም እንዲሁ። ካተኮሰኝ ሠርጉ ይቀራል፤ ጾም ከገባ ደግሞ ከፋሲካ በፊት አይታሰብም።

እጮኛዬን ደጃፋቸው ላይ ራቅ ብዬ ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት።

«መዥገር ቀደመችኝ በለኛ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «እስከ ሠርጋችን እሑድ ድረስ ካላተኮሰህስ?»

«ሁለት ሳምንት ካለፈማ አመለጥሁ ማለት ነው።»

«እንግዲያው እንዳያተኩስህ!» አለችኝ፣ በእጄ ያለ ነገር ይመስል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከአጥሩ ማዶ ሆና አፌን እያስከፈተች ድዴን ትመለከት ነበር። በሬው ሲታረድ አጎቴን ለምኜ የላስቲክ ጓንት አስጠለቅሁት።

«በሬ ልናርድ ነው ወይስ ኦፕራሲዮን ልናደርግ?» እያለ ግቢውን በሳቅ ሞላው።

እሑድ፣ ድግሱ ከሰዓት እላፊው በፊት እንዲያልቅ ገና በጠዋት፣ ከሚዜዎቼ ጋር ሙሽራዪቱን ልወስድ ሄድሁ። እንደ ወጉ ሴቶቹ በሩን ዘግተው እየዘፈኑ ጠበቁን። ከመካከላቸው ነርስ የነበሩት አክስቷ ቴርሞሜትር ይዘው ወጡ።

«ሙሽራው ሳይለካ አይገባም!»

ሚዜዎቼ ቢንጫጩም ኮቴን አውልቄ ቴርሞሜትሩን ብብቴ ሥር አደረግሁ። ዘፈኑ ቀጥ አለ። እኔም ስለ ራሴ ጸልዬው የማላውቀውን ጸሎት በልቤ ጀመርሁ። አክስቷ ቴርሞሜትሩን ወደ ፀሐይ አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ምንም የለበትም! እንዲያውም ቀዝቀዝ ብሏል፤ አስገቡትና ይሙቅ!»

እልልታው አካባቢውን አናጋው። ስገባ ሙሽራዬ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«አሁን ቅረብ» አለችኝ።

ቀረብሁ፤ እጇንም ያዝሁ። ትኩስ የነበረው የእሷ እጅ ነው።