የጾም ብሩሽ

ብሩሽ በምላሱ የሚያሾል ሰው አልወድም። ዘመሮ ውስጥ ከእኔ በፊት ታፔላ ይጽፍ የነበረው ሰውዬ ጫፉ እንዲሾልለት ብሩሹን አፉ ውስጥ ከትቶ ይመጠው ነበር። ቀዩም ሰማያዊውም ከንፈሩ ላይ ይደርቃል። በዚያ አፉ ሲያናግረኝ ፊቴን አዞር ነበር። ሥራውን ስረከበው ለራሴ ማልኩ፤ የእኔ ብሩሽ ከእኔም በላይ ንጹሕ ይሆናል አልኩ። በዚህ መሐላ ብዙ ኮርቻለሁ። የማልኩትን ያፈረስኩት ደግሞ በሰው ልጅ ፊት ላይ ነው።

ደርግ ከወደቀ አሥር ዓመት ግድም ሆኖት ነበር። የከተማው ወጣቶች የፀረ ኤድስ ክበብ አቋቁመው በገበያ ቀን ድራማ ያሳዩ ነበር። ብሩሽ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሜካፑን አንተ ሥራልን አሉኝ። ድራማው ላይ በሽታው የያዛት ሴት አለች፤ መጨረሻ ላይ ፊቷ ቆስሎ፣ ጎረቤት ሸሽቷት ትታያለች። እሷን ሆና የምትጫወተው የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አባቷን ስፌት የምታግዝ፣ ሳቂታ፣ ቆዳዋ አንድ ጠባሳ የሌለበት ልጅ ነበረች። ቀየት አካባቢ ላለ አስተማሪ ታጭታ ሠርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል።

ቁስል መሥራት ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀለም ብቻ ስቀባት ከሩቅ ጭቃ የነካት ትመስላለች። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥሉ አንድ መሪጌታ፣ «እኛ ሸራ የምንለጥፈው በቆዳ ሙጫ ነው፤ እስቲ እሱን ሞክር» አሉኝ። የበግ ቆዳ ቁርጥራጭ ለምኜ ቀቀልኩ። ሽታው አስመርሯት ጎረቤቴ መስኮቷን ዘግታ ስትራገም ሰምቻታለሁ። ሙጫው ግን ሳህን ላይ በስሱ ፈስሶ ሲረጋ እንደ ሰው ቆዳ ይላጣል። እሱን አፏ ዙሪያ እለጥፍና መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ በቀይ ሥር ጭማቂና በጥላሸት ስነካካው፣ የሠራሁት እኔ ራሴ አይቼው ያቅለሸልሸኛል።

ሁሉም ነገር ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ጠርዙ ከቆዳዋ ጋር ተመሳስሎ ካልጠፋ ጉዱ ይታያል፤ ጠርዝ የሚያጠፋው ደግሞ ብሩሽ ነው። የታፔላ ብሩሼ ደረቅ ስለሆነ ስሱን ሙጫ ይቀደዋል። የበግ ጠጉር ውሃ ጠጥቶ ይድበለበላል፤ የአህያ ጭራ ይወጋል፤ የፍየሉ ደህና ነው ግን እየተነቀለ ቁስሉ ላይ ይቀራል። ቁስል ላይ የቀረ ጠጉር ከማየት የባሰ ነገር አላውቅም። በመጨረሻ መሪጌታው የጥጃ ጆሮ ጠጉር ሞክር አሉኝ። ከሥጋ ቤት ጆሮ አመጣሁ፤ ከነኩኩ፣ ከነመዥገሩ። ጥርሴን ነክሼ ጠጉሩን ላጨሁ፣ በእንዶድ ሦስት ጊዜ አጠብኩ፣ በሰም ክር አስሬ አንገቱን በቆርቆሮ ጠቀለልኩት። ምን የመሰለ ብሩሽ ወጣው! ለስላሳ ነው፣ ተነክሮ ሲወጣም ጫፉ ይቆማል። ሥራ ስጨርስ በሙቅ ውሃና በእንዶድ አጥቤ፣ በጣቴ አሹዬ፣ ውሃ ወደ አንገቱ እንዳይገባ ራሱን ቁልቁል እሰቅለው ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ልጅቱ ፊቷን ከእጄ አሸሸች።

«የቆዳ ሙጫ በጾም አፌ ላይ አታደርግም» አለች።

«ይለጠፋል እንጂ አይበላም።»

«ስናገር ከንፈሬን ይነካዋል። ብሩሽህም የጥጃ ነው። ቤትህ የጾም ድስት የለህም?»

ነበረኝ። የፍስኩ ድስት ለብቻው፣ የጾሙ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ልክ ናት አልኩና የጾም ብሩሽ ሠራሁላት። ጠጉሩ ቃጫ ነው፤ በድንጋይ ቀጥቅጬ ሰነጣጥቄ አለሰለስኩት፣ ማለትም ያለሰለስኩት መሰለኝ። በቆዳ ሙጫው ፈንታ ተልባ ዘፍዝፌ፣ ዝልግልጉን አጥልዬ፣ በገብስ ዱቄት አወፈርኩት። ስታየው ሳቀችና፣ «አሁን ጾመኛ ቁስል ሆነ» አለችኝ።

የማፍርበት እዚህ ጋ ነው። የፍስኩን ብሩሽ ሥራ ፈትቶ እንኳ በየሳምንቱ በእንዶድ ሳሽ፣ የጾሙን ውሃ ውስጥ ነከር አድርጌ እሰቅለው ነበር። ሥጋ አልነካው፣ ቅቤ አልነካው፣ ምን ያቆሽሸዋል? በእኔ ጭንቅላት የሚበሰብሰው ፍስክ ነበር። የጾም ድስት እንኳ እንደሚታጠብ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ቆሻሻ የሚባለውን ነገር በሙሉ ወደ አንዱ ብሩሽ ልኬው ነው። በየገበያው ተልባ በተልባ ላይ ይደርቃል። እሷ «ይቧጭረኛል» ስትለኝ፣ «ቻይው፣ አሁን ያልቃል» እላታለሁ።

በእኩለ ጾም በነበረው ገበያ፣ ድራማው አልቆ የሠራሁትን ቁስል ስልጥላት ከሥሩ ሌላ ቁስል ወጣ። እውነተኛ ነው፤ መግል ቋጥሮ ከንፈሯ ጥግ ድረስ ተሰነጣጥቋል። እጄን ሳብ አደረግኩና ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። ሳላስበው ነው ያደረግሁት፤ እሷ ግን እጄንም ሱሪዬንም አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ጭረት ላይ ቆሻሻ ገብቶ ነው ብላ ቅባት ሰጠቻት። ከተማው ግን ነርስ አላስፈለገውም። በየገበያው ያጨበጨበልን ሰው ሁሉ፣ «ለካስ የራሷን ነበር የምትጫወተው» ማለት ጀመረ። ቧንቧ ላይ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከጀሪካኗ አራቁ። አባቷ ዘንድ ልብስ የሰጡ ሰዎች ሳይሰፋ መለሱ። ያንን ሕዝብ ለመጸየፍ ግን አፍ አልነበረኝም። በሽታው ከፊት ላይ ይነበባል ብለን ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ ያውም በእኔ ብሩሽ።

የእጮኛዋ አባት ሠርጉ ይቆይ ብለው ላኩባት። ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዳ ደሟን ተመርምራ ነፃ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት አመጣች። ወረቀቱ ተነበበላቸው፤ «ፊቷን እያየን ወረቀት ምን ያደርግልናል» አሉ።

ይህን ማለታቸውን ስሰማ የጾሙን ብሩሽ አውርጄ አንገቱን በካራ ሰነጠቅሁት። ውጩ ንጹሕ ነበር። ውስጡ ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታ፣ በመሐሉ ምራቅ የመሰለ ዝልግልግ፤ ሽታው የሞተ አይጥ። ወጥቼ አጥር ሥር አስመለስኩ። ከዚያ ምን አደረግሁ? ስምንት ቀን ዝም አልኩ። ቆሻሻ ነው እንዳልባል፣ እሷ በሽተኛ ናት እንድትባል ፈቀድኩ። ከሻጋታው ይልቅ ዛሬም የሚያስጸይፈኝ ያ ስምንት ቀን ነው።

በዘጠነኛው ቀን ብሩሹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቀየት፣ የእጮኛዋ አባት ቤት ሄድኩ። ውድማቸው ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አፏን ስቀባት የነበረው በዚህ ነው» ብዬ ዘረጋሁላቸው።

አነሱት፣ አሸተቱት፣ ወዲያ ወረወሩትና እንትፍ አሉ። «በዚህ ነው የሰው ልጅ ፊት የነካኸው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ቆሻሻ!» አሉኝ። ስምንት ቀን የሸሸሁትን ስም በአንድ ቃል ጨረሱት። ወረቀቱን ያላመኑት ሰውዬ ሽታውን አመኑ።

የትንሣኤ ሳምንት ሠርጉ በቀጠሮው ይሁን ብለው ወደ ልጅቱ ቤት ሦስት ሽማግሌዎች ላኩ። እኔም ምስክር ተብዬ ተከተልኩ። ልጅቱ ቁስሏ ደርቆ፣ ቅርፊቱ ረግፎ፣ ከንፈሯ ጥግ ላይ ጠቆር ያለ ጠባሳ ቀርቷት ነበር። ጠላውን ቀድታ ጨረሰችና አባቷ አጠገብ ቆመች።

«በእውነት ታምሜ ቢሆን ኖሮ ትመጡ ነበር?» አለቻቸው።

«እግዜር አያድርገው፣ ልጄ» አሉ አንዱ።

«ባያደርገውም። ትመጡ ነበር?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔም አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ።

«እንግዲያው ሠርጉ ይቅር» አለች። ሽማግሌዎቹ ጠላውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ግንቦት ላይ ድራማው እንደገና ሲጀመር ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። መጣች። ነጭ ጨርቅ ፈታችና ብሩሽ አወጣች፤ የጥጃ ጆሮ ጠጉር ነው፣ ራሷ ናት የሠራችው፣ አስተሳሰሩ ከእኔው የጠበቀ። ልትቆስል መስሎኝ ቀይ ሥሩን አቀረብኩላት።

«የአሁኗ ሴት ፊቷ ደህና ነው» አለችኝ። «በሽታው አለባት፤ ግን ፊቷ ደህና ነው።»

በቆዳዋ መልክ የበጠበጠችውን ቀለም ጠባሳው ላይ በስሱ እያሳረፈች ጠርዙን ማጥፋት ጀመረች። እጇ ከእኔ እጅ ይሻል ነበር። ቢያንስ መስታወቱን ልያዝልሽ ብዬ ከጠረጴዛው አነሳሁት።

ብሩሹን አቁማ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«እጅህን ታጥበሃል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«በውሃ ነው ወይስ ሱሪህ ላይ?»

መስታወቱን አስቀመጥኩና እንዶድና ውሃ ፍለጋ ወጣሁ።