ከቦዩ ወደ መድረኩ የሄደው ጣውላ

ባለቤቴ ነቀምቴ አጠገብ ካለችው ከጉቴ የመጣ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ሥራው ቧንቧ። ያን ክረምት ነቀምቴ ውስጥ ለሚሠራ አዲስ ሕንፃ የውኃ መስመር ይዘረጋል። ቦዩ ከሰው ቁመት በላይ የጠለቀ ስለሆነ፣ ዝናብ የጠጣው ቀይ አፈር እንዳይናድባቸው ግራና ቀኙን በጣውላ ደግፈውት ነበር።

የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ የሳይቱ ኃላፊ ጣውላውን አስነቅሎ ወሰደው። ለመድረክ ፈልጎት ነው። በዓሉ ላይ ስለ ሠራተኛው ደኅንነት ንግግር የሚያደርገው እሱ ነበርና እግሩ ሥር ያለው ነገር የጸና መሆን ነበረበት።

ምሳ ይዤ ስደርስ ባለቤቴና ኃላፊው ቦዩ አፍ ላይ ቆመው ይነጋገራሉ።

«የገበሬ ልጅ ሆነህ አፈር ትፈራለህ?» ይላል ኃላፊው።

«ከእግሬ ሥር ሲሆን አልፈራም፣ ጓድ» አለ ባለቤቴ። «ጣውላው ይመለስና እወርዳለሁ።»

«ውኃው ለበዓሉ ካልደረሰ አሻጥር ነው ይባላል። አሻጥረኛው ማን እንደሚባል አንተ ታውቃለህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ። «አዴ፣ እስቲ እርስዎ ይምከሩት።»

«ጓድ ቀድመው ይውረዱና አርአያ ይሁኑለት» አልኩ።

ሣቀ። ያደረገው ጫማ አዲስ ነበር።

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን ባለቤቴም እኔም እናውቃለን። ምሳውን ሳይነካ ወረደ። ሳህኑን መልሼ ሳልቋጥር ግድግዳው ተናደና እስከ ደረቱ ቀበረው። አካፋ እንዳያገኘው ብለው ጓደኞቹ አፈሩን በእጃቸው ዛቁ። ሲያወጡት ዳሌው ተሰብሯል። ሳይቱ ላይ ቃሬዛ የሚባል ነገር ስላልነበረ አንዱ ሮጦ ከመድረኩ ጣውላ ነቅሎ አመጣ። ለበዓሉ ቀይ ተቀብቶ ገና አልደረቀም። ባለቤቴ በገዛ ጣውላው ተጭኖ ሐኪም ቤት ገባ፤ ቀለሙም ሸሚዙ ላይ ቀረ።

በዓሉ ተከበረ። ኃላፊው የጎደለውን ቦታ እንዳይረግጥ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ተናገረ አሉ። ስለ ጥንቃቄ ከተናገረው ሁሉ እውነተኛው ያ ፈቀቅ ማለቱ ሳይሆን አይቀርም።

ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ በከዘራ ሄደ፤ ቦይ ውስጥ ዳግመኛ አልገባም። ኃላፊው ዛሬም ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብሎ ሰላምታ ይሰጠኛል። አንድ ቀን ደግሞ፣ «ያን ጊዜ ጣውላው ቅርብ መሆኑ በጀ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ከዚያ በፊት ደግሞ ይበልጥ ቅርብ ነበር።»

ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። ለዕድሜው ቀጥ ብሎ ይራመዳል።